ከልጆች ጋር ወደ «አዳኞች ጨረቃ ድግስ» ሄደን መጣን፤ ልጄ ለጠየቀችኝ ጥያቄ ግን መልስ አጣሁ

የደጀን ልጅ (ውይይቱን የከፈተው)፣ ሰኞ ምሽት

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰብ። ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር (ሴቷ 11፣ ወንዱ 7 ዓመቱ ነው) ከኢንዲያናፖሊስ ተነሥተን አንድ ሰዓት ያህል ነዳን። ላፋየት ከተማ አጠገብ በዋባሽ ወንዝ ዳር የሚደረገውን «ፊስት ኦቭ ዘ ሀንተርስ ሙን» አይተን ተመለስን። በእኛ ቋንቋ «የአዳኞች ጨረቃ ድግስ» ቢባል ያስኬዳል። ከ1968 ጀምሮ በመጸው ወራት ለሁለት ቀን የሚደረግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1700ዎቹ የፈረንሳይ ነጋዴዎችና የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች በዊያቴኖን ምሽግ እየተገናኙ የሚገበያዩበትን ጊዜ፣ «የጠረፍ ሕይወት» የሚሉትን፣ ያስታውሳል። ምሽጉን ፈረንሳዮች በ1717 የሠሩት እንግሊዞች ወደ ምዕራብ እየገፉ የቆዳ ንግዱን እንዳይነጥቋቸው ነበር። ቢቨር የሚሉት የውኃ ዳር እንስሳ ቆዳ ይሄዳል፤ በለውጡ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ የብረት ድስት፣ ጠመንጃና ባሩድ ይመጣል።

ይህን ያነበብኩት በኋላ ነው። ስንሄድ የማውቀው ነገር ቢኖር ባለቤቴ «ልጆቹ ከስልክ ይላቀቁ» ማለቷን ብቻ ነበር።

መኪናችንን አቁመን ገና ሳንገባ ጭሱ ተቀበለን። እርጥብ እንጨት ተማግዶ የሚያጨሰው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ልብስ ላይ ሦስት ቀን የሚያድረው ጭስ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። እኔ እናቴ ምድጃው ሥር ተደፍታ እፍ ስትል ታየችኝ።

ውስጡ ነጭ የሸራ ድንኳን በድንኳን ነው። ሻጩም፣ አብሳዩም፣ ወታደሩም የዚያን ዘመን ልብስ ለብሷል። ድስቱ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከእሳቱ በላይ ይንተከተካል። ከበሮና ቀጭን ዋሽንት የሚነፉ ልጆች ተሰልፈው ሲያልፉ መንገድ መልቀቅ ነው። መድፍ ሲተኮስ ወንዱ ልጄ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፤ ሁለተኛው ሲተኮስ ግን «ድገሙት!» ብሎ ጮኸ። ከወንዙ በኩል ታንኳዎች እየዘፈኑ በሚቀዝፉ ሰዎች ተሞልተው መጡ። የጥንቱ ታንኳ ከበርች ዛፍ ቅርፊት በዛፍ ሥር ተሰፍቶ፣ መጋጠሚያው በዛፍ ሙጫ ተደፍኖ ነበር የሚሠራው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ያ በደንገል፣ ይህ በቅርፊት።

ከዚያ አንዲት ሴትዮ በረጅም የእንጨት ዕቃ ወተት ስትንጥ አገኘናት። ዱላውን ወደ ላይና ወደ ታች ታደርጋለች። ለልጆቹ «ይህን አይታችሁ አታውቁም አይደል?» አለቻቸው። እኔም «እኛ ቤት የሚናጠው በቅል ነው፤ ወዲህና ወዲያ እየተወዘወዘ። ልጅ ሆኜ እጄ እስኪዝል ንጫለሁ» አልኩ። ወንዱ ልጄ ቀና ብሎ አየኝና በከባድ ቁም ነገር «አባዬ፣ አንተ በ1717 ነበርክ?» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ሆነ። ሙቀጫና ዘነዘናው፣ ሰም የሚነከረው ክር፣ የሚገመደው ገመድ፣ የሚፋቀው ቆዳ፣ ሁሉም እዚህ «የጥንት ዘመን» ተብሎ ትኬት ተቆርጦበታል። እኔ ደግሞ ያደግሁበት ነው።

አንጥረኛው ዘንድ ደግሞ አፈርኩ። ወናፉ እያናፋ፣ ብረቱ እየጋለ፣ ሃምሳ ያህል ልጅ ከብቦት አፉን ከፍቶ ያያል። እኔ ባደግሁበት መንደር አንጥረኛው ሲያልፍ ልጆች ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም ሸፍኜ አውቃለሁ።

ሌላው፣ ልጆች ዕቃ በዕቃ የሚለዋወጡበት ብርድ ልብስ መሬት ላይ ተነጥፎ ነበር። ገንዘብ አይሠራም። ሴቷ ልጄ ማንንም ሳትጠይቅ እናቴ ከአገር ቤት የላከችላትን ትንሽ ሙዳይ አውጥታ በባልጩትና በእሳት መጫሪያ ብረት ለወጠችው! ሚስቴ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችንም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የግንዱ ምሽግ ቤት ጋ ስንደርስ ይህችው ልጅ «እነዚህ ነጋዴዎች ሳይመጡ ቦታው የማን ነበር?» አለችኝ። «ዊያ የሚባሉ ሰዎች» አልኳት። «አሁንስ የት ናቸው?» ስትለኝ «ሩቅ ሄዱ» ብዬ አለፍኩት። ሌሊቱን ሙሉ ይህ መልስ ከነከነኝ። እንዲህ ያለ ቦታ ልጆች ወስዳችሁ የምታውቁ፣ ምን ትሏቸዋላችሁ?

ከፐርዱ ዳር፣ ሰኞ ምሽት

ጋሼ፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። እኔ እዚያው ዌስት ላፋየት የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከድግሱ ምግብ አብዛኛውን የሚያበስሉትና የሚሸጡት የአካባቢው ማኅበራት ናቸው፤ ገቢውም ለሥራቸው ይውላል። እኔም ባለፈው ዓመት ሁለቱንም ቀን ሾርባ ስጨልፍ ውዬ ዓይኔ ቀልቶ ነው የተመለስኩት።

አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ልጅዎ የጠየቀችበት ያ የግንድ ቤት የፈረንሳዮቹ ምሽግ አይደለም። በ1930 አንድ የአካባቢው ሐኪም ለመታሰቢያ ያሠሩት ነው። ቦታውንም ስተውታል፤ እውነተኛው ምሽግ ከዚያ ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል አንድ ማይል ያህል ርቆ ነው ያለው። ይህም የታወቀው በ1960ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ቁፋሮ ነው፤ ልብ ይበሉ፣ ድግሱ በተጀመረበት ዘመን መሆኑ ነው። አሠራሩም ሌላ ነው። ፈረንሳዮች ግንዱን እንደ አጥር አቁመው ይተክሉት ነበር እንጂ አጋድመው አይደራርቡትም። የተጋደመው የኋለኞቹ ሰፋሪዎች አሠራር ነው። የእኛን አገር የእንጨት ቤት ግድግዳ ያስቡ፤ ማገሩን እርሱትና ቋሚውን ብቻ፤ ፈረንሳዮቹ የሚቀርቡት ለዚያ ነው።

እውነተኛው ቦታ ላይ ዛሬ ሜዳ ብቻ ነው የሚታየው። ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታነት ተመዝግቧል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሰኞ ምሽት

እባካችሁ ታሪኩ ይቆየንና ለምንሄድ ሰዎች የሚጠቅም ነገር ንገሩን። እኔ የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን አለኝ። በጋሪ ይገባል? መጸዳጃ አለ? የሚበላስ? ጎሽ ይጠበሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለእኛ ይበላል? ጥንቸልም አለ ይባላል። ደግሞ ያንን ሙዳይ የለወጠችውን ልጅ ከልቤ ነው ያዘንኩላት፤ እናቷንም ጭምር።

የደጀን ልጅ፣ ሰኞ ምሽት

እህቴ፣ ጋሪ ይገባል፤ ነገር ግን መሬቱ ሣር ነው። ዝናብ ከጣለ ጭቃ ነው። ሕፃኑን በአንቀልባ ብታዝይው ይሻላል፤ እዚያ አዝላ የምትሄድ ሴት ከተመልካች ይልቅ ከድግሱ ሰዎች ትቆጠራለች! ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ አለ። ጥሬ ገንዘብ ያዢ። ጠዋት ወንዙ ዳር ብርድ ነው፤ ቀትር ላይ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ደራርባችሁ ልበሱ። እኔ አዲስ ነጭ ጫማ አድርጌ ሄጄ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። የመድፉን ሰዓት አስቀድመሽ ጠይቂና የሕፃኑን ጆሮ ሸፍኚለት። ቅዳሜ ጠዋት በጊዜ የደረሰ ሰው ከሰልፍ ይድናል፤ እኛ አልዳንንም።

ስለ ጎሹ የሚያውቅ ሰው ይመልስ። እኔ በልቼዋለሁ፤ ከበላሁ በኋላ ነው ጥያቄው የመጣብኝ።

መሪጌታ ያልሆንኩ፣ ማክሰኞ ጠዋት

የምጽፈው በመሪጌታነት አይደለም፤ ስሜን አንብቡ። የአሜሪካው ጎሽ፣ ባይሰን የሚሉት፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፤ ያመሰኳልም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መለኪያ ከበሬ ወገን ነው። ጥንቸልን ግን ያው ምዕራፍ በስም ጠርቶ ይከለክለዋል፤ ያመሰኳል ግን ሰኮናው አልተሰነጠቀም ብሎ። ከዚያ በላይ ያለው የእርድ ጉዳይ ነው፤ ያንን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት። የጽጌን ጾም የምትጾሙ ደግሞ ድግሱ ጾሙ ከገባ በኋላ ከዋለ የጾም ነገር እያያችሁ ብሉ፤ የጥንት ሰዎችም ቢሆኑ በቆሎና ባቄላ ይበሉ ነበርና አትቸገሩም።

ታዛቢ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ደስታችሁን ላደፈርስ አይደለም፤ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «የጠረፍ ሕይወት» የሚባለው ቃል ራሱ ያስቀኛል። ጠረፍ ለማን ነው? ለዊያ ሰው እኮ ያ ቦታ ጠረፍ አልነበረም፤ የአገሩ መሐል ነበር። ጠረፍ የሚሆነው ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ነው።

ምሽጉ የነበረበት አገር በመጨረሻ ምን ሆነ? በ1791 ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ባዘዙት ዘመቻ ቻርልስ ስኮት የሚባል ጄኔራል ከኬንታኪ ፈረሰኞች ይዞ መጥቶ የዊያን መንደሮች አቃጠለ። እህላቸው ወደመ፤ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው ተወሰዱ። ይህንን በከበሮና በዋሽንት አክብሮ፣ ልጅ ይዞ፣ ጎሽ እየበሉ መዋል ለእኔ አይዋጥልኝም። ወንድሜ፣ ልጅህ ከአንተ የተሻለ ጥያቄ ጠይቃለች።

ከፐርዱ ዳር፣ ማክሰኞ ቀትር

ታዛቢ፣ ያልከው ስለ 1791 ሁሉ እውነት ነው። ድግሱ የሚያሳየው ግን ያንን ዘመን ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረውን ነው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ፈረንሳዮቹ እዚያ ጥቂት ወታደርና ጥቂት ነጋዴ ነበሩ። መሬት አጥሮ ለማረስ የመጣ ሕዝብ አልነበሩም። ካልተስማሙ ቆዳ የሚያመጣላቸው የለም፤ ስለዚህ ተስማምተው፣ ተጋብተው፣ ቋንቋ ተማምረው ኖሩ። ጻድቅ ስለነበሩ አይደለም፤ ጥቂት ስለነበሩ ነው።

እንግሊዞች በ1761 ምሽጉን ተረከቡ። ስጦታውንና ባሩዱን ቀነሱ፤ ሕዝቡንም ናቁ። በሰኔ 1763፣ ቀደምት ሕዝቦች በእንግሊዞች ላይ በተነሡበት በፖንቲያክ ጦርነት ጊዜ፣ ዊያዎችና ኪካፑና ማስኩተን የሚባሉት ሕዝቦች ምሽጉን ሲይዙ አንድም ሰው አልሞተም። የእንግሊዙን መኮንን ከጥቂት ወታደሮቹ ጋር ማርከው ያዟቸው። በዚያው ሰሞን ሌሎች ምሽጎች ላይ ብዙ ደም ፈስሷል። እዚህ ግን እዚያው የሚኖሩት ፈረንሳውያን ነጋዴዎች አማልደው ነው የተረፉት።

ጋሼ፣ ለልጅዎ ጥያቄ «ሩቅ ሄዱ» የሚለው መልስ ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ ነው። መሬቱን በውል እየተነጠቁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካንሳስ፣ በኋላም ወደ ኦክላሆማ ተገፉ። የዊያ ዘሮች ዛሬ በኦክላሆማ የፒዮሪያ ነገድ አባላት ሆነው አሉ። አሉ ነው የምልዎት። ይህንን ይንገሯት፤ ልጆች ብዙውን ጊዜ ሁሉም ሞቶ ያለቀ ይመስላቸዋል።

ጎንደሬው፣ ማክሰኞ ቀትር

ከርዕስ ልወጣ ነው፤ ይቅርታ። 1717 ሲባል ዓይኔ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ አፄ ዳዊት ሦስተኛ ነግሠው ነበር። የፋሲል ግንብ ከተሠራ ብዙ ዓመት ሆኖት፣ አገሩ በድንጋይና በኖራ ይገነባ ነበር። ልጅህ «በ1717 ነበርክ?» ሲልህ «አዎ፣ ጎንደር ግንብ ውስጥ» ማለት ትችል ነበር! ያም ሆኖ በዚያው ጎንደር ቅቤው የሚናጠው በቅል መሆኑን አልክድም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ማክሰኞ ምሽት

እኛ ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች እስከ ኢንዲያና መንዳት አይጠበቅብንም። ስታንተን ከተማ ውስጥ «ፍሮንቲር ካልቸር ሙዚየም» አለ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድና ከጀርመን እውነተኛ የገበሬ ቤቶችን ድንጋይ በድንጋይ፣ እንጨት በእንጨት ፈትተው አምጥተው እዚያ ተክለዋቸዋል። ከእያንዳንዱ ወደ ሌላው በእግር ትሄዳላችሁ። በመጨረሻ ሁሉም ተደበላልቀው አሜሪካ ውስጥ ምን ዓይነት ቤትና እርሻ እንደ ሠሩ ታያላችሁ፤ የ1740ዎቹ፣ የ1820ዎቹ፣ የ1850ዎቹ እያለ ይቀጥላል። የቀደምት ሕዝቦች መንደርም አለ።

እኔን የያዘኝ ግን የኢግቦ ግቢ ነው። የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች እዚያ የተጨመሩት ቨርጂኒያን ከገነቡት መካከል በባርነት የመጡት ስላሉበት ነው። የጭቃው ግድግዳ፣ የሣሩ ክዳን፣ የአፈር ወለሉ። ልጆቼ ከእንግሊዙ ቤት ሮጠው ወጡ፤ እዚህ ግን ተቀመጡ። ትልቁ «ይህኛው የአያቴን ቤት ይመስላል» አለ። አያቱ ጋ የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወላይታ።

ታዛቢ የሚለው ይገባኛል። እኔ ግን ልጆቼን የወሰድኳቸው ሊያከብሩ አይደለም። እነዚያ የጀርመን ገበሬዎች መርከብ የተሳፈሩት በገዛ ፈቃዳቸው ነው፤ እነዚህ ግን ታስረው ነው። ሁለቱን ቤቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ እግር ጉዞ ማየት የትም ትምህርት ቤት አላገኙትም።

እማማ ከመንዝ (የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ)፣ ማክሰኞ ምሽት

ልጄ፣ የጻፍከው ተነበበልኝ። እኔም ከዚህ ከኢንዲያናፖሊስ በላይ «ኮነር ፕሬሪ» የሚሉት ቦታ ወስደውኝ ነበር። የ1836 መንደር ነው ብለው በጥንት ልብስ የለበሱ ሰዎች ያናግሩሃል። አንዲት ሴት በትልቅ መንኰራኩር የበግ ፀጉር ትፈትላለች። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። እኛ አገር ብርድ ነው፤ ባናና ዝተት የሚሠራው ከበግ ፀጉር ነው፤ ፈትሉም የእኛ የሴቶች ነው። ቆሜ ሳያት እጄ በላኝ።

ለልጅ ልጄ «ትንሽ ፀጉር ስጪኝ በያት» አልኳት። ሴትዮዋ ሰጠችኝ፤ እንዝርት ግን የላትም። የልጁን እርሳስ ተቀብዬ፣ ለምሳ ከያዝነው ፖም ግማሹን ወግቼበት፣ እንዝርት አደረግሁትና ጭኔ ላይ አሹሬ ፈተልኩ። ክሩ ሲወጣ ሴትዮዋ መንኰራኩሯን ትታ መጣች። ሰዉም ተሰበሰበ። አንዱ ፎቶ ሲያነሣ የልጅ ልጄ አፈረችብኝ፤ በኋላ ግን ፎቶውን ለጓደኞቿ ላከች (ይህንን አልጽፍም ብላ ነበር፣ አስጻፍኳት)።

ሴትዮዋ በጣም ጨዋ ናት። «ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። ምን ይባላል? ውኃ መቅዳት ማን አስተማረሽ እንደ ማለት ነው።

የአንጥረኛ ልጅ፣ ረቡዕ ጠዋት

የደጀን ልጅ፣ ፊትህን ትሸፍን የነበረውን አንብቤ ሁለት ቀን ዝም አልኩ።

አባቴ አንጥረኛ ነበር። የት እንደሆነ አልጽፍም። የአገሩን ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠራው እሱ ነበር። ሰኔ ሲገባ ሁሉም ገበሬ ደጃችን ይቆማል። ማረሻው ከተሳለ በኋላ ግን ዓይኑን ሰብሮ ይሄዳል። ሠርግ አንጠራም። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ወንበሬ ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ እኛ ወንዝ ግን አልተሻገረም።

እኔም እዚህ አገር እንዲህ ያለ በዓል ላይ አንጥረኛ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ልጆች ተሰልፈው በእጁ የሠራውን የብረት መንጠቆ ይቀበሉታል። መስፉን፣ ጉጠቱን፣ መዶሻውን አየሁት፤ ወናፉ ከአባቴ ይበልጣል፣ እጁ ግን ከአባቴ አይበልጥም። ብረቱ ቢጫ ሳይሆን ገና ቀይ ሳለ ነው የመታው። ልነግረው ፈልጌ ተውኩት።

አላፈርኩብህም። ጻፍከው፤ ብዙ ሰው አይጽፈውም።

የደጀን ልጅ፣ ረቡዕ ቀትር

ወንድሜ፣ ደጋግሜ አነበብኩት። ይቅርታ ማለት ያንሳል፤ ቢሆንም ይቅርታ።

የእኛ መንደር አንጥረኛ ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ትናንት እናቴን በስልክ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ለልጆቼ ግን ነግሬያቸዋለሁ።

ታዛቢ፣ ረቡዕ ምሽት

የአንጥረኛ ልጅ የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር አስታወስኩና ልጨምር። እማማ የጠቀሱት ኮነር ፕሬሪ የዊልያም ኮነር ቦታ ነው። ሰውየው የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ሚስቱ መኪንጀስ የምትባል፣ ሌናፔ ከሚባሉት ቀደምት ሕዝቦች የሆነች ሴት ነበረች። ስድስት ልጆች ወለዱ። በ1818 ሌናፔዎች የኢንዲያናን መሬት የሚለቁበት ውል ተፈረመ፤ ያስተረጐመውም ራሱ ኮነር ነበር። በ1820 መኪንጀስ ልጆቿን ይዛ ከሕዝቧ ጋር ወደ ምዕራብ ሄደች። እሱ ቀረ። ብዙ ወር ሳይቆይ ሌላ አገባ። ዛሬ የሚጎበኘውን የጡብ ቤት በ1823 የሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

አንጥረኛ ያነሣሁት በዚያ ውል ምክንያት ነው። ሌናፔዎች አገራቸውን ሲለቁ ከተገባላቸው ነገር አንዱ ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ መንግሥት አንድ አንጥረኛ እንዲያቆምላቸው ነበር። ጠመንጃ የሚጠግን፣ መጥረቢያ የሚስል ሰው ከሌለ እንደማይኖሩ ያውቁ ነበር። ሰው መሬቱን እየተቀማ እንኳ አንጥረኛ ስጡኝ ይላል፤ የእኛ አገር ሰው ግን አንጥረኛው አጠገቡ እያለ ፊቱን ያዞርበታል።

ስለዚህ የደጀን ልጅ፣ ልጆችህን እዚያም ውሰዳቸው። ቀድሜ የጻፍኩትን አላነሣም፤ ግን ውሰዳቸው። አንድ ነገር ብቻ፤ መኪንጀስን አትዝለልባቸው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ረቡዕ ምሽት

እኔ ጋሪና መጸዳጃ ጠይቄ ይህን ሁሉ አነበብኩ። ለሚመጣው ዓመት ወስነናል፤ እንሄዳለን። የልጆቹ ልውውጥ ብርድ ልብስ ላይ የሚቀርበው ምን ዓይነት ዕቃ ነው? ፕላስቲክ መጫወቻ ይፈቀዳል?

ከፐርዱ ዳር፣ ረቡዕ ምሽት

ፕላስቲክ አይያዙ፤ ከዘመኑ ጋር አይሄድም፤ ልጆቹም አይፈልጉትም። ዶቃ፣ ዛጎል፣ ቆዳ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ጨርቅ፣ ትንሽ ቅርጫት ጥሩ ነው። የእኛ ሰው በዚህ በኩል ሀብታም ነው። አገር ቤት ስትሄዱ ሁለት ብር የማይሞላ የሚመስላችሁን ሁሉ አምጡ። ግን የአያትን ሙዳይ ቤት ተዉት።

የደጀን ልጅ፣ ሐሙስ ምሽት

የሙዳዩን ነገር ልጨርስላችሁ። ትናንት ማታ ልጄ የለወጠችውን ባልጩትና ብረት ይዘን ጓሮ ወጣን። ለቡናው ከሰል በዚህ ብቻ እናቀጣጥል ተባባልን። የተቃጠለ የጥጥ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ፍንጣሪው እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ወንዱ ሞከረ፣ ጣቱን መታ። ሴቷ ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዲት ቀይ ነጥብ አገኘች፤ በደረቅ ሣር ጠቅልላ እፍ አለችው፤ ያዘ። ሚስቴ በመስኮት እያየች ነበር። ወጥታ ጀበናዋን ጣደች፤ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ልጅቱ ያኔውኑ ለአያቷ ደወለች። ጥፋቷን ተናዘዘች፤ ሙዳዩን እንዴት እንደለወጠች፣ ሰዎቹ እዚያ እሳት የሚያነዱት ባልጩት እየጫሩ እንደሆነ፣ በሬና ፈረስ እንዳላቸው፣ ድንኳን ውስጥ እንደሚያድሩ ሁሉ ነገረቻት። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣

«ሙዳዩንስ ሌላ እሰፋልሻለሁ፤ ምን ችግር አለ» አለቻት። «ለእነዚያ ምስኪኖች ግን አባትሽ ክብሪት ይግዛላቸው።»